የሊንድበርግ ሕፃንና የባቡሩ ልብ ወለድ ታሪክ

የወንጀል ምርመራን የሚተርክ ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ የሚወድ ሰው፥ መጽሐፉን እንደ እንቈቅልሽ ፈትቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ሌላም ነገር አያስብበትም። ነገር ግን ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ከእውነተኛ የለቅሶ ቤት የወጡ አሉ። ዛሬ የምንናገረው ከእነርሱ ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም እንግሊዛዊቱ ደራሲ ወይዘሮ አጋታ ክሪስቲ በ1934 ዓ.ም. ያሳተሙት፥ በኦርየንት ኤክስፕሬስ ባቡር ስለ ተፈጸመ ግድያ የሚተርከው መጽሐፍ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን እውነተኛውን ነገር እንናገር። አሜሪካዊው አይሮፕላን ነጂ ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ብቻቸውን ተነሥተው፥ 33 ሰዓት ተኩል ያህል በርረው ፓሪስ በገቡ ጊዜ ስማቸው በዓለም ሁሉ ተጠራ። ከሁለት ዓመትም በኋላ በሜክሲኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩትን የሚስተር ሞሮን ልጅ ወይዘሪት አንን አገቡ፤ በ1930 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ። ሕዝብና ጋዜጠኛ እየተከተለ ዕረፍት ቢነሣቸው፥ በኒው ጀርሲ ውስጥ በሆፕዌል አጠገብ ከሰው ራቅ ያለ ቤት ሠሩ።

በ1932 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፥ ሞግዚቲቱ ሕፃኑን ልታይ ወደ መኝታ ክፍሉ ብትገባ አልጋው ባዶ ሆኖ አገኘችው። በመስኮቱ አጠገብ 50,000 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ፥ ከቤቱም ውጭ በእጅ የተሠራ መሰላል ተገኘ። ሕፃኑ ገና የሃያ ወር ልጅ ነበረ። ገንዘቡ በአፕሪል 2 ቀን በአንድ አረጋዊ መምህር እጅ፥ በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኝ መቃብር ስፍራ ተከፈለ፤ ልጁ ግን አልተመለሰም። በሜይ 12 ቀን ሬሳው ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ በጫካ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። አባትና እናቱ ቤዛውን ሲከፍሉ ሕፃኑ ሞቶ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የምናስባት ቫዮሌት ሻርፕ የተባለችውን ገረድ ነው። እርስዋም በወይዘሮ አን እናት ቤት የምታገለግል እንግሊዛዊት ነበረች። ሊንድበርጎች በሆፕዌል ያድሩ የነበረው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው፤ በዚያ ማክሰኞ የቈዩት ሕፃኑን ጉንፋን ስለ ያዘው ነው። ፖሊሶችም፥ «ሌባው ይህን ከቤተ ሰቡ አገልጋዮች ካልሰማ በቀር እንዴት ዐወቀ?» ብለው ሁሉንም መረመሩ። በየቤቱ አንድ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ዓይን አስቀድሞ በማን ላይ እንደሚያርፍ የቤት እመቤቶች ያውቁታል። ቫዮሌት በዚያ ማታ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ካወቀችው ሰው ጋር ወደ መጠጥ ቤት ሄዳ ነበርና፥ ምናልባት ስሟ እንዳይጠፋና ከሥራዋ እንዳትወጣ ፈርታ ይሆናል፥ ቃሏን ለዋወጠች። በጁን 10 ቀን እንደ ገና ልትመረመር መሆኑን በሰማች ጊዜ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ከሞተችም በኋላ በዚያ ማታ አብረዋት የነበሩት ሰዎች ተገኝተው ያለችበትን መሰከሩላት።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ባቡሩ ከእስታንቡል ተነሥቶ ሲሄድ በዩጎስላቪያ በረዶ ይዘጋበታል። (ደራሲዪቱ ራሳቸው በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ በዚሁ ባቡር ሲመለሱ ጎርፍ መንገዱን አበላሽቶባቸው ነበር።) አንድ ባለጠጋ አሜሪካዊ ዐሥራ ሁለት ጊዜ በጩቤ ተወግቶ ሞቶ ይገኛል። ቤልጅጋዊው መርማሪ ኤርኩል ፖዋሮ ነገሩን ሲመረምር፥ ሟቹ ስሙን ለውጦ የሚኖር፥ ዴዚ አርምስትሮንግ የተባለች ሕፃን ሰርቆ የገደለ ሰው መሆኑን ይደርስበታል። የዴዚም አባት እንደ ሊንድበርግ ኮሎኔል ነው፤ እናቷም የታወቀ ሰው ልጅ ናት፤ ቤዛው 200,000 ዶላር ተከፍሏል፤ ሕፃኒቱ ግን አስቀድማ ሞታለች። ያለ በደሏ የተጠረጠረች ሞግዚትም ከመስኮት ራሷን ወርውራ ትሞታለች፤ ንጽሕናዋ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም። የዚህችም ሞግዚት ሞት በመጽሐፉ ውስጥ ተረስቶ አይቀርም፤ ጨርሶ ያነበበ ሰው ምን ማለታችን እንደ ሆነ ያውቃል፥ ላላነበበው ግን ፍጻሜውን አንገልጥበትም።

መጽሐፉ በጃንዋሪ ወር 1934 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ በሊንድበርግ ሕፃን ሞት ገና ማንም አልተያዘም ነበር። ያን ጊዜ ያነበበው ሰው ሁሉ እውነተኛው ገዳይ በአንድ ስፍራ በሰላም እንደሚያድር ያውቅ ነበር፤ ደራሲዪቱ ግን ገዳዩን ማምለጫ ከሌለው የበረዶ መንገድ ላይ አቆሙት። መጽሐፉ እንዲህ የተወደደው በእንቈቅልሹ ብልኃት ብቻ ነው ብለን አናምንም።

እውነተኛው ፍርድ የመጣው ዘግይቶ ነው። በሴፕቴምበር 1934 ዓ.ም. አንድ የቤንዚን ሻጭ ከደንበኛው በተቀበለው ብር ላይ የመኪናውን ቊጥር ስለ ጻፈ፥ ብሩኖ ሪቻርድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ አናጢ ተያዘ፤ ከጋራዡም ከቤዛው ገንዘብ 14,000 ዶላር ያህል ተገኘ። በ1935 ዓ.ም. ተፈረደበት፤ በ1936 ዓ.ም. አፕሪል 3 ቀን በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። እስከ መጨረሻው ድረስ «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ሚስቱም በ1994 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ስለ እርሱ ተከራከረች። ግብረ አበር ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ክርክርም ዛሬ ድረስ አላለቀም። ፖዋሮ በአንድ የባቡር ክፍል ውስጥ የጨረሰውን እውነተኛው ዓለም ሳይጨርሰው ቀረ።

በአንድ ነገር ግን ደራሲዪቱን አንከተላቸውም። በመጽሐፉ የዴዚ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች ሐዘኑ ይገድላታል፤ ሕፃኑም አብሮ ይሞታል፤ ኮሎኔሉም ራሱን ያጠፋል። ወይዘሮ አን ልጃቸው በተሰረቀበት ማታ እንዲሁ ነፍሰ ጡር ነበሩ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ጤናማ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ከጋዜጠኞች ሸሽተው ከባላቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ፤ ደራሲም ሆኑ። የእነዚያን ዓመታት ማስታወሻቸውንና ደብዳቤዎቻቸውን በ1973 ዓ.ም. አሳተሙ። ከሟቹ በኋላ አምስት ልጆች ወልደው አሳድገው፥ በ94 ዓመታቸው በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ።