ቅዱሳት መጻሕፍትና ቅዱስ ትውፊት በካቶሊክ እምነት

ቅዱስ ትውፊት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት፣ ሐዋርያት ከክርስቶስ ተቀብለው በስብከት፣ በጸሎትና በሥርዓተ አምልኮ ለተከታዮቻቸው ያስተላለፉት እምነት ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ የእግዚአብሔር ቃል በመንፈስ ቅዱስ መሪነት በጽሑፍ የሰፈረባቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እንደሚፈልቁና አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ እንደማይሆን ታስተምራለች። ይህ አቋም ካቶሊኮችን ከፕሮቴስታንቶች የሚለይ ሲሆን ከኦርቶዶክሳውያን ጋር ግን በብዙ ያቀራርባቸዋል።

የቃሉ ትርጉም

ትውፊት ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን ርክክብን ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍን ያመለክታል። ካቶሊኮች ለትምህርቱ ድጋፍ ከሚጠቅሷቸው ክፍሎች አንዱ 2 ተሰሎንቄ 2፥15 ነው፤ በዚያ ሐዋርያው ጳውሎስ ምእመናን በቃልም በመልእክትም የተማሩትን አጥብቀው እንዲይዙ ያሳስባል።

ሌላው መከራከሪያ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የትኞቹ መጻሕፍት በውስጡ እንደሚካተቱ ራሱ አይዘረዝርም። ካቶሊኮች 73፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች 66፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትን ትቀበላለች። በካቶሊክ አመለካከት ዝርዝሩ የታወቀው በትውፊት ነው።

የትምህርቱ ታሪክ

ማርቲን ሉተርና ሌሎች ተሐድሶ አራማጆች የእምነት የመጨረሻ መመዘኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው አስተማሩ። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1546 በሰጠው ምላሽ መጻሕፍቱንና ከሐዋርያት የመጡ ትውፊቶችን በእኩል አክብሮት እንደሚቀበል አወጀ። በረቂቁ ላይ እውነቱ «በከፊል» በመጻሕፍት፣ «በከፊል» ደግሞ በትውፊት ይገኛል የሚል አገላለጽ ነበር፤ በመጨረሻው ጽሑፍ ግን በ«እና» ተተካ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ብዙ የካቶሊክ መምህራን ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ጥያቄው በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እንደገና ተነሣ። «የራእይ ምንጮች» የተባለው ረቂቅ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ሲቀርብ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ውይይቱ እንዲቆም 1,368 አባቶች ሲደግፉ 822 ተቃወሙ። ለማስቆም የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በጥቂቱ ቢጎድልም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ረቂቁን አንሥተው በአዲስ ኮሚሽን እንዲዘጋጅ አዘዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1965፣ «ዴኢ ቬርቡም» (ቃለ እግዚአብሔር) የተባለው ሰነድ በ2,344 ድጋፍና በ6 ተቃውሞ ጸደቀ። ሰነዱ መጻሕፍትና ትውፊት አንድ የቃለ እግዚአብሔር አደራ እንደሆኑ ይገልጻል።

የማስተማር ሥልጣን

ይህን አደራ በሥልጣን የመተርጎም ኃላፊነት የጳጳሳትና የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ነው። ሆኖም በ«ዴኢ ቬርቡም» መሠረት ይህ ሥልጣን የቃሉ አገልጋይ እንጂ የበላይ አይደለም። ለሁሉም የተሰጠው ራእይ ከሐዋርያት ዘመን ጋር ስለተፈጸመ አዲስ ራእይ ሊጨመር አይችልም፤ ግንዛቤው ግን ሊያድግ ይችላል።

የእመቤታችን ዕርገት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሪኩ በመጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ አይገኝም፤ በዓሉ ግን ከጥንት ጀምሮ ይከበራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 የእምነት አንቀጽ አድርገው አወጁት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የእመቤታችንን ዕርገት በፍልሰታ ታከብራለች፤ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዲህ የማወጅ ሥልጣን አላቸው ብላ ግን አትቀበልም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትውፊትን በመቀበል ሳይሆን በመጨረሻ የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

በኢትዮጵያና በጋምቤላ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ትውፊትን ከአካባቢ ልማድና ሥርዓት ትለያለች። የመጀመሪያው አይለወጥም፤ ሁለተኛው እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ሊለያይ ይችላል። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከቶች የግእዝ ሥርዓት ሲፈጸም፣ በጋምቤላ የላቲን ሥርዓት ይፈጸማል። ቅዳሴያቸው ቢለያይም እምነታቸው አንድ ነው።

የጋምቤላ ሐዋርያዊ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2000 በፕሪፌክቸር ደረጃ ተቋቁሞ በ2009 ወደ ቪካሪያት አድጓል። በክልሉ ካቶሊኮች፣ ኦርቶዶክሳውያንና የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ጎን ለጎን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የሚኖሩት አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ኑዌሮች ሲሆኑ፣ በኑዌሮች ዘንድ የፕሬስቢቴሪያን እምነት ሥር የሰደደ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ «ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ የት ተጽፏል?» የሚለው ጥያቄ የጎረቤታሞችና የቤተሰብም ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ትችት

ፕሮቴስታንቶች ትውፊት የሰው ሥርዓትን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ሊያስተካክል ይችላል ሲሉ ይተቻሉ፤ ለዚህም ክርስቶስ ፈሪሳውያንን የገሠጸበትን ማርቆስ 7ን ይጠቅሳሉ። ካቶሊኮች ግን በዚያ የተወገዘው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የሚሽር የሰው ወግ እንጂ ከሐዋርያት የመጣ ትውፊት አይደለም ብለው ይመልሳሉ።