የላቴክስ ፍራሽ፦ ወጥ ይሁን ወይስ ለሁለት የተከፈለ?

ባልና ሚስት አንድ አልጋ ይጋራሉ እንጂ ሰውነታቸው አንድ ዓይነት ፍራሽ አይፈልግም። እሱ 90 ኪሎ፣ እሷ 55 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ለእሷ ትከሻ የሚመቸው ፍራሽ የእሱን ወገብ ያሰምጠዋል፤ ለእሱ ወገብ የሚበጀው ደግሞ እሷን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረቁራት ያድራል። በተለይ በአሜሪካ የሚሸጡት ባለ ደርብ የላቴክስ ፍራሾች ለዚህ መፍትሔ አላቸው። ሁለት ወይም ሦስት የላቴክስ ደርቦች ያለ ማጣበቂያ ይነባበሩና ዚፕ ባለው ልባስ ውስጥ ይገባሉ። ገዢው ሲያዝ ታዲያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ደርቦቹ ወጥ ይሁኑ ወይስ ከራስጌ እስከ ግርጌ ለሁለት የተከፈሉ?

መልሱ ያለው በዕቃው ባሕርይ ውስጥ ነው። ላቴክስ የጎማ ዛፍ ቅርፊት ሲበጣ የሚንጠባጠብ ነጭ ፈሳሽ ሲሆን ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ በተገኘው ዘዴ ፈሳሹ አረፋ እስኪሆን ይመታል፤ ከዚያም ፎርማ ውስጥ ተሞልቶ በእንፋሎት ይበስላል። ፈሳሹ ውስጥ የሚጨመረው ድኝ በሙቀት እየታገዘ የጎማውን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያቆላልፋቸዋል። ላቴክስ ተጭነውት ሲለቁት ወዲያው ብድግ የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ደርቡ ላይ በረድፍ የሚታዩት እርሳስ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች እንደ እንጀራ ዓይን አየር ሲወጣ የተፈጠሩ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ግን አይደሉም። ፎርማው ውስጥ የቆሙ የብረት ዘንጎች የነበሩበት ቦታ ናቸው። አየር ያዘለ አረፋ ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ፣ ዘንጎቹ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ባያደርሱ ኖሮ ዳሩ ሲበስል መሃሉ ጥሬ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ቁርጡ እንምጣ። ወጥ ደርብ ላይ መዳፍን አስደግፎ መጫን ብዙ ያስተምራል። የሚወርደው ከመዳፍ ሥር ያለው ብቻ አይደለም፤ ዙሪያው ያለው ላቴክስም አብሮ እየተጎተተ ሸክሙን ያግዛል። እጅን ወደ ተቆረጠው ጠርዝ አስጠግቶ መጫን ግን ሌላ ነው። በአንድ በኩል የሚያግዝ ጎረቤት ስለሌለ ጠርዙ በተመሳሳይ ክብደት ከመሃሉ ይልቅ ይሰምጣል። ከላይ ያለው ደርብ የተከፈለ ከሆነ ወደ መሃል ተጠግቶ የሚተኛ ሰው የሚሰማው ይህ ነው። ልጆች ሌሊት መጥተው በአባትና በእናት መካከል በሚሸጎጡበት ቤት ደግሞ ስንጥቁ ላይ የሚያድረው ልጁ ነው። በሌላ በኩል ይኸው ቁርጥ ጥቅምም አለው፤ አንዱ ሲገላበጥ ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ንቅናቄ ይቀንሳል።

ከሥር ባሉት ደርቦች ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሸክም ወደ ታች ሲወርድ እየተበተነ፣ ሰፋ ያለ ቦታ እየያዘ ይሄዳል። የተለመደው የደርብ ውፍረት 7.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያን ያህል ወጥ ላቴክስ ከላይ ካለ የታችኛው ስንጥቅ እምብዛም አይሰማም። የታችኛው ደርብ ጥንካሬ ግን ይሰማል፤ ከባዱ ዳሌ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚወርድ የሚወስነው በአመዛኙ እሱ ነውና። ስለዚህ ክብደታቸው ለሚራራቅ ጥንዶች ምክሬ አያወላዳም፦ የታችኞቹ ይከፈሉ፣ የላይኛው ወጥ ይሁን። በእሱ በኩል ጠንካራው፣ በእሷ በኩል መካከለኛው ይግባ። የሁለቱ ወገን ውፍረት ግን እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ መሃሉ ላይ ደረጃ ይፈጠራል።

ጥንካሬን ሻጮች በቁጥር ይገልጹታል። ክብ ሳህን ላቴክሱን በውፍረቱ ሩብ ያህል እንዲያጎድጉደው ስንት ፓውንድ ኃይል እንደፈጀ የሚያሳይ ልኬት ነው። 20 አካባቢ ለስላሳ፣ ወደ 30 የሚጠጋው መካከለኛ፣ ከ36 በላይ ጠንካራ ይባላል። ቁጥሩ በተለካው ቁራጭ ውፍረት ስለሚለወጥ የሁለት ፋብሪካ ቁጥሮችን አጠጋግቶ ማወዳደር ያሳስታል።

ክብደቱም ሊታሰብበት ይገባል። 193 በ203 ሳንቲ ሜትር የሆነው የአሜሪካ ኪንግ አልጋ ወጥ ደርብ፣ በኪዩቢክ ሜትር 75 ኪሎ በሚመዝን ላቴክስ ቢሰላ፣ 22 ኪሎ ይሆናል። ሦስቱ ደርቦች 66 ኪሎ መሆናቸው ነው። ከኪሎው ይበልጥ የሚያስቸግረው ደግሞ መልፈስፈሱ ነው፤ የሚያዝበት የለውም። ዳሩን ይዞ የሚጎትት ሰው ሊቀደው ይችላል። በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ፣ ወይም ጠባብ ደረጃ ላለው አፓርታማ፣ 11 ኪሎ የሚመዝን ግማሽ ትልቅ እፎይታ ነው።

ብቻውን ለሚተኛ ሰው፣ ወይም ክብደታቸውና ምርጫቸው ለሚቀራረብ ጥንዶች፣ ወጡ ይበቃል፤ መክፈሉ ትርፍ ወጪ ነው። ራስጌው በሞተር የሚነሳ አልጋ ላይ ደግሞ ምርጫ የለም። አንዱ ወገን ለብቻው እንዲነሳ ከተፈለገ ፍራሹ እስከ ልባሱ ድረስ ሁለት መሆን አለበት። ጀርመን ውስጥማ በአንድ ባለትዳር አልጋ ላይ ሁለት ፍራሽ ማንጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ መሃሉን የሚሸፍን ቀጭን ፎምም ይሸጣል።

የተከፈለ ደርብ የገዛ ሰው ልባሱን ቶሎ ቶሎ ለመክፈት አይቸኩል። ሰውነት አዲስ ፍራሽ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም ወገብ ከሰመጠ የዚያን ወገን መካከለኛ ግማሽ በጠንካራ መተካት ነው። ትከሻ ከተቆረቆረ ደግሞ ይበልጥ ለስላሳውን ግማሽ ወደ ላይ ማምጣት ነው። በሌላው ወገን የተኛው ሰው ፍራሽ ግን አይነካም።