ቀይ ቀበሮና የቤታችን ውሻ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ አስደናቂ አውሬ ነው። ይህ አውሬ በአገራችን በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር አይገኝም። ስሙ ቀይ ቀበሮ ነው። ቀበሮ ይባል እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው።

ቀይ ቀበሮ የት ይኖራል? በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ ይኖራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ብርዳም አገር ይስማማዋል። ፀጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም ነው።

ምን ይበላል? ዋናው ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ሆዱን መሬት አስጠግቶ በቀስታ ያደባል። ከዚያ ድንገት ዘሎ ይይዛል። እንዲያውም በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እንደ ንብ የአበባ ወለላም ይልሳል! ይህ ሥጋ ከሚበላ ትልቅ አውሬ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ቀን ቀን ለየብቻው ያድናል፤ ኑሮው ግን በማኅበር ነው። ከመንጋው ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዷ ሴት ናት። ሌሎቹ ግን ቡችሎቹን ይጠብቃሉ፣ ያበላሉ። የአንዷ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው ማለት ነው። ሲገናኙም አፍ ለአፍ ተነካክተው ሰላም ይባባላሉ።

ታዲያ ይህ ፍቅራቸው አንድ ጉዳት አለው። አንዱን የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው ለመንጋው በሙሉ ያስተላልፋል። በሽታውን ወደ ተራራው የሚያመጣው ደግሞ ከመንደር የሚወጣ ውሻ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ፣ በወብ ሸለቆ በሽታው ገብቶ ከአራት ቀይ ቀበሮዎች ሦስቱን ያህል ገደለ። ዛሬ በአገሪቱ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ክትባት ነው። በባሌ የመንደር ውሾች ይከተባሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም ለቀይ ቀበሮዎቹ ክትባት በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይሰጣቸዋል።

እኛስ ምን እናድርግ? ውሻችንን እናስከትብ። ከብት ስንጠብቅ ውሻው ወደ ተራራ ወጥቶ እንዲባዝን አንልቀቀው። ይህ ለአውሬው ብቻ አይደለም፤ ለልጆቻችንም ነው። ሰው በተጠረጠረ ውሻ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልምና፣ ነገ እሄዳለሁ ማለት ሕይወት ያስከፍላል።

አንድ የተከተበ ውሻ የልጅም የቀይ ቀበሮም ጠባቂ ነው። ይህን ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። እስከሚቀጥለው ትምህርታችን ደኅና ሁኑ።