አውቶሞቢል ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቆም ቀለሙን ስለ መጠበቅ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አንድ ሹም አዝመራ ለመጐብኘት ወይም ሕዝብ ለማነጋገር ወጥቶ ካሰበው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ነጂው አስቀድሞ የሚፈልገው ጥላ ነው። ይህንም የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ ቀለምን የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ምድሩ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር በመቶ ዐሥር ያህል እየበረታ ይሄዳል። በደጋ ፀሐይ ዓመት ሙሉ የቆመ አውቶሞቢል ጣራውና ኮፈኑ ነጥቶ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ከዛፍ ሥር የቆመውም ቢሆን የወፍ ኩስ፥ ሙጫ፥ የበሰበሰ ፍሬና ቅጠል ሲወርድበት ይውላል። በዚህም ምክንያት መኪናውን ለማዳን ሲል የዛፉን ቅርንጫፍ የሚያስመለምል፥ ይልቁንም ዛፉን ከነግንዱ የሚያስቈርጥ ሰው አይታጣም። ጉዳቱ በአንድ ጣሳ ውሃ የሚመለስ ሆኖ ሳለ ዛፉ መቀጣቱ የማይገባ ነው።

የጋይንት ሰው መንኰራኵር ካየ ብዙ ዘመን ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስጠረጉ ያለፉት በዚሁ አገር ነው። ኋላም በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ ስላለፈ የመኪናው መመላለስ በዛ። ዛሬ ወደ ወገዳ፥ ወደ ዓርብ ገበያና ወደ መካነ ኢየሱስ ለሥራ የሚሄደው አውቶሞቢል በብዙ የመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ነውና ቀለሙን መጠበቅ ለውበት ብቻ የሚደረግ ሥራ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም፤ ብረቱን ከዝገት የሚከለክለው ቀለሙ ነው። ይህም ልብስ እጅግ ስስ ነው። ከብረቱ ጋራ የሚጣበቀው የመጀመሪያው ቅብ፥ መልክ የሚሰጠው ቀለምና ከላይ ያለው እንደ መስተዋት የጠራው ቅብ ሁሉም ተደምረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጡም።

ከሚወርደው ነገር ሁሉ ክፉው የወፍ ኩስ ነው። ዩሪክ አሲድ ከሚባለው ነገር በቀር የአሸዋና የፍሬ ቅንጣት አለበት። ብዙ ሰው አሲዱ ብቻ ቀለሙን የሚበላ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ቀን ፀሐይ ኮፈኑን ባጋለው ጊዜ የላይኛው ቅብ ይለሰልሳል፥ ይለጠጣልም፤ ማታ ሲበርድ ተመልሶ ይኰማተርና የደረቀውን ኩስ ሻካራ መልክ ይዞ ይጠነክራል። ከዚያ ወዲያ ኩሱ ቢታጠብም ምልክቱ አይለቅም። ቀኑ ትኩስ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት እንደ ጋይንት ባለ ደጋ ይህ ጉዳት በአንድ ቀን ሊደርስ ይችላል።

የዛፉም ዓይነት ልዩነት ያመጣል። በቈላውና በወይና ደጋው በኩል ሾላና ዋርካ ፍሬያቸው ወፍን ሁሉ ስለሚጠራ ጥላቸው ሰፊ ቢሆንም ኩሱ ይበዛል፤ የዋንዛ ፍሬ ደግሞ ራሱ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነው። ግራር ሙጫ ያወጣል። በደጋው ባሕር ዛፍ ቅርፊቱንና ቅጠሉን ያራግፋል፤ ቅጠሉም ከፊተኛው መስተዋት ግርጌ ባለው የውሃ መውረጃ ገብቶ በክረምት ውሃውን ይገድበዋል፥ በዚያም ስፍራ ዝገት ተሸሽጎ ይጀምራል። ነጂዎች «ዛፉ አለቀሰ» የሚሉት ቀጭን የሚጣበቅ ጠብታ ግን ብዙውን ጊዜ የዛፍ ሙጫ አይደለም፤ ክሽክሽ የተባለው ታናሽ ተባይ የቅጠሉን ፈሳሽ መጦ የሚያወጣው ጣፋጭ ነገር ነው። ሳይታጠብ ከቈየ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅልበታል።

ጥላ የሚጠቅመው ፀሐይ ባለበት ጊዜ ብቻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አውቶሞቢሉ ከዛፍ ሥር ቢቆም ትርፍ አለው። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ወፎች ለማደር ወደ ዛፉ ስለሚመለሱ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ነጂው ከመምሸቱ በፊት መኪናውን ወደ ሜዳው እንዲያወጣ አለቃው ቢያዘው፥ ጉዳቱ ያለ ምንም ወጪ ይቀንሳል። በመሥሪያ ቤት ግቢ ደግሞ የግንቡ ጥላ ከዛፍ ጥላ ይሻላል፤ ጧት ከቤቱ በስተ ምዕራብ፥ ከቀትር በኋላ በስተ ምሥራቅ ማቆም ነው።

ኩስ ወይም ጠብታ የወረደ እንደ ሆነ በዚያው ቀን መነሣት አለበት። በመኪናው ውስጥ ሁለት ሊትር ውሃና የታጠበ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ዘወትር ይኑር። ጨርቁን አርሶ ከቈሻሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ መጣል፥ ሲለሰልስ ሳያሹ ወደ ላይ ማንሣት፥ ከዚያም በውሃ ማጠብ ነው። በደረቅ ጨርቅ ወይም በቅጠል መጥረግ ግን ከኩሱ ይልቅ ይጐዳል፤ የመንገዱ አቧራ እንደ ሞረድ ሆኖ ቀለሙን ይጭረዋልና። የደረቀ ሙጫን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በጥቂቱ አርጥቦ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ወዲያውም በውሃ ይታጠባል። አንዳንዶች እንዲያብረቀርቅ ሲሉ ናፍጣ ይቀቡታል፤ ለአንድ ቀን ያምራል፥ በማግስቱ ግን አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም የመኪናውን ሰም ስለሚያጥብ ለመኪና የተሠራው ሳሙና ይመረጣል። ሰሙን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት መልካም ነው፤ የአገር ቤት የንብ ሰም ግን በፀሐይ ስለሚለሰልስና አቧራ ስለሚይዝ ለብቻው አይሆንም።

የሸራ ልብስ ማልበስ ለሚያስቡ፥ የነፋስ መውጫ ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። አቧራ በለበሰ መኪና ላይ የተጣለ ሸራ ነፋስ ባወዛወዘው ቍጥር ቀለሙን ይፍቀዋል።

ስለ ዛፉ ደግሞ ይህ ይታሰብ። በደቡብ ጎንደር በዙሪያቸው ደን ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ከሺህ ይበልጣሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ከእነዚህ 28ቱን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍና ቍጥቋጦ አግኝተዋል። አውቶሞቢል ዘወትር ከአንድ ዛፍ ግንድ አጠገብ ሲቆም ክብደቱ አፈሩን ያጠብቀዋል፤ አብዛኛው ሥር ከአፈሩ ፊት አጠገብ ያለ ስለ ሆነ አየርና ውሃ አጥቶ ይደክማል፥ የሚንጠባጠበውም ዘይት ይጨመርበታል። የገበያውም ዋርካ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት፥ ሽማግሎች የሚያስታርቁበት ነውና ጥላውን መኪና ይዞት ሰው በፀሐይ መቀመጡ ለሹሙም ክብር አይሆንም። ከቅርንጫፉ ጫፍ ወጣ ብሎ ማቆም ይገባል።

መኪና ዘወትር በሚያድርበት መሥሪያ ቤት ግን የሚሻለው ዳስ ማቆም ነው። ስድስት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች፥ ማገርና ቆርቆሮ ይበቃሉ፤ የምሰሶው ግርጌ ከምስጥ እንዲድን በድንጋይ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይገነጠል በደንብ ይታሰር፤ የሚዘንበውም ውሃ በመኪናው ጎን እንዳይፈስ ክዳኑ ወደ ኋላ ያዘንብል። ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ የተጫረ እንደ ሆነ ሰኔ ሳይገባ በዚያው መልክ ቀለም ይነካ።