የክረምቱ የሕግ ተማሪ ምን ይረዳናል?

የዛሬው ትምህርታችን በክረምት ወደ መንግሥት የሕግ መሥሪያ ቤቶች ስለሚመጡ የሕግ ተማሪዎች ነው።

ክረምት ሲገባ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ከሕግ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ግን ቤት አይቀመጡም። በወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም በፍርድ ቤት በበጎ ፈቃድ ይሠራሉ። በበጎ ፈቃድ ማለት ያለ ደሞዝ፣ በራስ ፍላጎት ማለት ነው። ተማሪ ሕዝብን ማገልገሉ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ከዋና ከተማ ውጭ ይልክ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ብዙ ተማሪ ፊደል ለማስቆጠር ዘምቷል።

ተማሪው ምን ይጠቀማል? ልምድ ያገኛል። እኔ መምህር ነኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለን ነባር መምህር ከኋላ ተቀምጦ እያየን ማስተማርን እንለማመድ ነበር። የሕግ ተማሪም እንደዚሁ ነው። «ከሳሽ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ያውቀዋል። በደንብ የሚገባው ግን ድንበሯ የተገፋባትን ባልቴት ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ነው።

እኛስ ምን እንጠቀማለን? አንደኛ፣ ነገራችንን ሰምቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል አድርጎ፣ ባለሙያ እያየው ማመልከቻ ይጽፍልናል። ሁለተኛ፣ ወዴት መሄድ እንዳለብን ያሳየናል። ሦስተኛ፣ የማናውቀውን መብት ይነግረናል። ለምሳሌ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው የዳኝነት ሳይከፍል «በደሃ ደንብ» ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። አራተኛ፣ ቀን እንዳያልፍብን ያስጠነቅቀናል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ ማለትም በመሬት፣ በውል፣ በብድርና በመሳሰለው ክርክር፣ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ይግባኝ ማለት ጉዳዬን የበላይ ፍርድ ቤት ይይልኝ ማለት ነው። «ከመኸር በኋላ እሄዳለሁ» ያለ ሰው ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

ይሁን እንጂ ልብ በሉ! ተማሪው ጠበቃ አይደለም። የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለው ችሎት ቆሞ አይከራከርላችሁም።

የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የማን እንደሆነም ጠይቁ። ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ጉዳይ የመንግሥትን ክስ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። ልጃችሁ በወንጀል ቢከሰስ፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚሠራ ተማሪ የልጃችሁ ረዳት ሊሆን አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው ተከላካይ ጠበቃ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይፈቅድለታል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ማመልከቻውን የጻፈው ተማሪው ነው፤ የሚፈርመው ግን ማነው? እናንተ ናችሁ። ተማሪው በመስከረም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ግን መዝገብ ውስጥ ይቀራል፤ ዳኛውም የሚያነበው እሱን ነው። «መሬቴን ለ3 ዓመት አከራየሁ» ያላችሁት «ሰጠሁ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወይም 3 የነበረው 30 ቢሆን፣ በአንድ ቃል፣ በአንድ ዜሮ የልጆቻችሁ እርሻ ሊያከራክር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፊደል ላልቆጠረ ሰው በውል ጊዜ ጥበቃ ያደርግለታል። በቁጥር 1728 እንደተጻፈው፣ ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያደረገው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። እናንተ ግን ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ከእንግዲህ «ምን እንደተጻፈ አላውቅም ነበር» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ፦

1. ወረቀቱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ቢያስቸግራችሁ «ልጄ፣ ቀስ ብለህ አንብብልኝ» በሉት። አትፈሩ፤ ለዚህ ነው የመጣው።
2. ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁን፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክ አንድ በአንድ ተመልከቱ።
3. ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ያላላችሁት ከተጻፈ አስለውጡ።
4. ባዶ ወረቀት ላይ በፍጹም አትፈርሙ።
5. የማመልከቻውን ግልባጭ ተቀብላችሁ፣ ዝናብና አይጥ በማይደርስበት ቦታ አኑሩ። የቀጠሮውንም ቀን ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦ የሕግ ተማሪ ሊረዳን የሚችለው በምን በምን ነው? የማይችለውስ? በቤታችሁ የተቀመጠ ውል ወይም የፍርድ ወረቀት ካለ ዛሬ ማታ አውጡና ከቤተሰባችሁ ጋር አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበትና ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ደኅና ሰንብቱ።