ጎበዝ መምህር ማን ነው? የተማሪውና የመምህሩ መልስ

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መምህሮቻቸውን ይገመግማሉ። የሥራ ባልደረቦችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም እንዲሁ። አንዱ ወገን አንደኛ ያለውን መምህር ሌላው መካከለኛ ሊለው ይችላል። ታዲያ ጎበዝ መምህር የሚባለው ማን ነው?

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ ጥያቄ ያነሱ 31 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ተማሪዎችና መምህራን በአብዛኛው ይስማማሉ፤ ትምህርቱን ጠንቅቆ ማወቅና ተዘጋጅቶ ክፍል መግባት ለሁለቱም ከፍ ያለ ቦታ አላቸው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተማሪዎች ትምህርቱን ሳቢ አድርጎ፣ ጥርት ባለ አንደበት ለሚያስረዳና ሲፈልጉት ለሚያገኙት መምህር የበለጠ ያደላሉ። መምህራን ደግሞ አእምሮን ለሚፈትን፣ ተማሪው ራሱን ችሎ እንዲማር ለሚገፋፋ ባልደረባቸው።

ወደ አገራችን፣ ወደ ባሌ ስንመጣ ይህ ልዩነት የራሱ መልክ አለው።

ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሮቤ፣ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን ልጆች ከሌሎች ክልሎች ከተመደቡ ተማሪዎች ጋር ያስተምራል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ የባሌ ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ ከሌላ ክልል የመጣው ጓደኛው በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይማራሉ። በእንዲህ ያለ ክፍል ተማሪው «ግልጽ አድርጎ ያስረዳን» ሲል ትምህርቱ ይቅለልልን ማለቱ አይደለም። ቋንቋው ካልገባው አእምሮን የሚፈትነው ጥያቄ ራሱ አይደርሰውም።

የመምህራኑም ሐሳብ ቀላል አይደለም። ጎባ ከተማ በዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የሚለማመድ የሕክምና ተማሪ ነገ ሕመምተኛ ፊት ብቻውን ይቆማል። «ይህ ሰው ለምን ትኩሳት ያዘው? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» እያለ የሚያፋጥጠው መምህር ለዚያ ቀን እያዘጋጀው ነው። ነገር ግን ተማሪው በሕመምተኛውና በጓደኞቹ ፊት ከተዋረደ፣ ሲጠየቅ ከማሰብ ይልቅ መደበቅን ይለምዳል። ጠንከር ያለ ጥያቄ የሚሠራው ተማሪው ቢሳሳት እንደማይሰደብ ሲያውቅ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚፈልጉት መምህርም ይኸው ነው፤ ይፈትናል፣ ግን አያሳፍርም።

እንዲህ ያለ መምህር እንዲኖር የግምገማው ጊዜም ይወስናል፤ በሴሚስተሩ ማብቂያ ብቻ ሲደረግ የሚጠቀሙበት ቀጣዮቹ ተማሪዎች ናቸው። መምህሩ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ስም በማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት «እስካሁን ያልገባችሁ ምንድን ነው? ምንስ ይቀየር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሰጡት ተማሪዎች ራሳቸው በዚያው ኮርስ ይጠቀማሉ።