የመስታወቱ መንገድ፦ ብርሃን ተሸካሚው ክር በ60 ዓመቱ

ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጅዳ አቅራቢያ በቀይ ባሕር ወለል የተዘረጉ ኬብሎች ተበጠሱ። ከእነሱ መካከል «ሲ-ሚ-ዊ 4» እና «አይ-ሚ-ዊ» የሚባሉት መስመሮች ደቡብ እስያን ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውሮፓ ጋር ያገናኛሉ። ከሕንድና ከፓኪስታን እስከ ኤምሬቶች ድረስ ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። ማይክሮሶፍትም በዚያ በኩል የሚያልፈው አገልግሎቱ እንደሚዘገይ ለደንበኞቹ አሳወቀ። የባሕር ኬብል ባለቤቶችን የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጠረጠረው አንድ የንግድ መርከብ እየጎተተ ያለፈውን መልሕቅ ነው።

በቴሌኮምና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ምሕንድስና ዙሪያ ዛሬ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ከስልክ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሳተላይት፣ ስድስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከሰው አፍ አይጠፉም። በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው ዳታ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው ግን ባሕር ወለል ላይ በተኛ፣ ጥልቁ ውስጥ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ኬብል ነው። በኬብሉ መሐል ፀጉር የሚያካክሉ የመስታወት ክሮች አሉ። እነዚህ ክሮች የቆሙበት ሐሳብ በዚህ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2026፣ 60 ዓመት ይሞላዋል። ዘርፉን የምቃኘውም ከዚሁ ተነሥቼ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የሰማዩን ጉዳይ ላንሣ። ስታርሊንክ ከምድር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች አሉት። አዳዲሶቹ እርስ በርስ በሌዘር ይነጋገራሉ። በ2025 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከቲ-ሞባይል ጋር ሆኖ፣ ያለ ዲሽ ተራ ስልክ ላይ መልእክት የሚያደርስ አገልግሎት ለሕዝብ ከፍቷል። በተለይ የኔትወርክ ታወር ላልደረሰበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኬብልን ይተካል የሚለውን ግን አልቀበልም። በጃንዋሪ 2022 ቶንጋ አጠገብ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአገሪቱን ብቸኛ ዓለም አቀፍ ኬብል ቆራረጠው፤ እስኪጠገንም አምስት ሳምንት ሕዝቡ በሳተላይት ቆየ። ሳተላይቱ በጭንቅ ጊዜ ደረሰ፤ አገሪቱ ወደ ቀድሞ ግንኙነቷ የተመለሰችው ግን መርከብ መጥታ ኬብሉን ስትቀጥለው ነው። የአንድ ሳተላይት አቅም በአብዛኛው በጊጋቢት ይቆጠራል፤ የአንድ ዘመናዊ ኬብል ግን በቴራቢት ነው፤ አንዱ ቴራቢት ደግሞ ሺህ ጊጋቢት ነው።

ወደ መስታወቱ እንመለስ። ቻርለስ ካኦ ሻንጋይ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የተማረ መሐንዲስ ነበር። በ1966፣ ገና 32 ዓመቱ ሳለ፣ ሃርሎ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በነበረ የቴሌኮም ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆካም ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ አልፎ ከከተማ ከተማ መልእክት ያደርሳል ብሎ የሚያምን ሰው ያን ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ያላመኑትም በቂ ምክንያት ነበራቸው። የዘመኑ የመስታወት ክር በኪሎ ሜትር 1000 ዴሲቤል ገደማ ያባክን ነበር። በሜትር ሲሰላ፣ ብርሃኑ 10 ሜትር በተጓዘ ቁጥር ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል ማለት ነው። በ30 ሜትር ላይ የሚተርፈው ሺኛው ብቻ ነው።

ካኦ ነገሩን ከሥሩ መረመረው። ብርሃኑን የሚበላው የመስታወቱ የራሱ ባሕርይ ሳይሆን በውስጡ የቀሩት የብረትና የሌሎች ማዕድናት ቆሻሻዎች መሆናቸውን አሳየ። መስታወቱ ከጠራ ብክነቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ይወርዳል፣ ያኔም ለስልክ መሥመር ይበቃል አለ። በእጁ እንዲህ ያለ ክር አልነበረም። የነበረው ስሌቱና ልኬቱ ነው። እነሱን ይዞ ከአገር አገር እየዞረ መስታወት አምራቾችንና ላቦራቶሪዎችን ሲያሳምን ከረመ። በዚህ ዘርፍ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ይህን ነው፤ አንድ ሰው ጥያቄውን በትክክል ስለጠየቀ ሌሎች መልሱን ፍለጋ ተሰማሩ።

መልሱ በአራት ዓመት ተገኘ። በ1970 የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ሮበርት ሞረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ፣ በኪሎ ሜትር 17 ዴሲቤል ብቻ የሚያባክን ክር ሠሩ። አሥር ሜትር የነበረው ያ ርቀት ወደ 590 ሜትር አደገ። በ1979 ጃፓኖች 0.2 ዴሲቤል ሲደርሱ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ 50 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ጀመር። ካኦ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ሲካፈል አልዛይመር ስለያዘው፣ በስቶክሆልም የኖቤል ንግግሩን ያቀረቡለት ባለቤቱ ግዌን ናቸው። በ2018 አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ካሉት እርምጃዎች ለእኔ ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የ1987ቱ ነው። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ፔይን ቡድን ኤርቢየም የተባለውን ንጥረ ነገር በመስታወቱ ውስጥ ከትቶ፣ የደከመ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለወጥ እዚያው የሚጎለብትበትን ማጉያ ሠራ። በ1988 አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው የፋይበር ኬብል፣ ታት-8፣ 40,000 የስልክ ጥሪ በአንድ ጊዜ ያስተላልፍ ነበር። በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎቹ ግን ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ መልሰው እንደገና ብርሃን ማድረግ ነበረባቸው። የኤርቢየም ማጉያ ይህን ጣጣ ስላስቀረ በአንድ ክር ውስጥ የተለያየ ቀለም ያላቸው ብዙ ብርሃኖችን ጎን ለጎን መላክ ተቻለ። አፍሪካን የሚከብበውና 45,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው «ቱአፍሪካ» ኬብል እስከ 180 ቴራቢት በሰከንድ እንዲሸከም ታቅዷል።

አሁን ክሩ ወደ ጣሪያው እየተጠጋ ነው። ክሎድ ሻነን በ1948 እንዳሳየው እያንዳንዱ የመገናኛ መስመር የማይሻገረው ወሰን አለው። የጃፓኑ ብሔራዊ የመገናኛ ምርምር ተቋም በ2024 በተራ ክር 402 ቴራቢት በሰከንድ አሳልፏል፤ ያ ግን 50 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በባሕር ውስጥ ሌላ ማነቆ ይጨመርበታል፤ እሱም ኤሌክትሪክ ነው። ማጉያዎቹ ሁሉ ኃይል የሚያገኙት ከባሕር ዳርቻ በኬብሉ ውስጥ ከሚላክ መሥመር ስለሆነ፣ ሊጨመር የሚችለው የማጉያ ቁጥር የተወሰነ ነው። ለዚህ ነው አዳዲስ ኬብሎች በአንድ ክር ላይ ከመጨናነቅ ይልቅ ብዙ ጥንድ ክር የሚይዙት። ሜታ በ2025 ይፋ ያደረገው «ፕሮጀክት ዋተርዎርዝ» ርዝመቱ ከ50,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን 24 ጥንድ ይይዛል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክርክር የሚነሣው። እዚያው ሳውዝሃምፕተን፣ በፍራንቼስኮ ፖሌቲ የሚመራው ቡድን፣ ብርሃኑን ከመስታወቱ አውጥቶ በአየር ውስጥ እንዲጓዝ አደረገው። ክሩ ውስጡ ባዶ ነው። በባዶው ዙሪያ እጅግ ስስ የሆኑ የመስታወት ቱቦዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰድረው ብርሃኑን ወደ መሐል ይመልሱታል። በሴፕቴምበር 2025 የታተመው ውጤታቸው በኪሎ ሜትር 0.091 ዴሲቤል ነው። ያ 10 ሜትር የነበረው ርቀት አሁን 110 ኪሎ ሜትር ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ በፊት የጠራ መስታወት ክብረ ወሰን 0.14 አካባቢ ነበር፤ ወደዚያ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

ፍጥነቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ 300,000 ይጠጋል። ለ6,000 ኪሎ ሜትር መንገድ 30 ሚሊ ሰከንድ የነበረው 20 ይሆናል። ማይክሮሶፍት ከዩኒቨርሲቲው የወጣውን ሉሜኒሲቲ የተባለ ኩባንያ በ2022 መጨረሻ ገዝቶ፣ በ2024 ደግሞ 15,000 ኪሎ ሜትር ውስጠ ባዶ ፋይበር በዳታ ሴንተሮቹ መካከል እንደሚዘረጋ አስታወቀ።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም ቀላል አይደለም። ክሩ ለመሥራት ውድ ነው፤ ሁለት ጫፉን ማገናኘትም እንደ ተራው ፋይበር ቶሎ አይሆንም። ባሕር ውስጥ ቢበጠስ ውሃ ወደ ባዶው መግባቱ አይቀርም። ይህ የመጨረሻው ስጋት ለእኔም ከባድ ነው፤ ቀይ ባሕር ውስጥ በመልሕቅ የሚቆረጥ ኬብል ለጠጋኞቹ ተጨማሪ ጣጣ ይዞ መውጣት የለበትም። ሆኖም በየብስ ላይ ጊዜው የውስጠ ባዶው ነው ባይ ነኝ።

ስለ ቺፕ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል። ለዚህ ዳሰሳ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቺፖቹ ፍጥነታቸው ሲጨምር መዳብ ከጥቂት ሜትር በላይ አላደርስ አላቸው። ኤንቪዲያ በማርች 2025 ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን የሚለውጠውን ክፍልና ፋይበሩን ዳታ ከሚያከፋፍለው ስዊች ቺፕ ጎን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ይፋ ያደረገው፣ ኃይልም ለመቆጠብ ሲል፣ በዚሁ ምክንያት ነው። የካኦ መስታወት ከባሕር ተነሥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። ስድስተኛውን ትውልድ በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2023 ማዕቀፉን አውጥቷል፤ ለተራው ተጠቃሚ ምን እንደሚጨምር ግን እስካሁን አሳማኝ መልስ አላየሁም።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። የኢንተርኔታችን ዓለም አቀፍ መንገድ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል በየብስ ፋይበር ይወጣል። ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እህት በኢሞ ለእናቷ ስትደውል ድምፁ የሚያልፈው በእነዚህ ክሮች ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለችው መርከብ በሚሳይል ተመትታ ስትንሳፈፍ መልሕቋ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎችን ቆረጠ። ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በኩል «ኢሲ» እና «ሲኮም» የተባሉት ኬብሎች ተቆርጠው ምሥራቅ አፍሪካ በሌላው አቅጣጫ ተቸገረ። በአንድ ዓመት ሁለቱም በር ተነካ። ዋተርዎርዝ አሜሪካን፣ ብራዚልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ሕንድን ሲያገናኝ ቀይ ባሕርን ሙሉ በሙሉ ትቶታል፤ እኛ ግን በጎረቤትነት ከዚያ ባሕር ልንርቅ አንችልም።

ስለዚህ ውስጠ ባዶው ፋይበር ለእኛ የሚጠቅመው ከባሕሩ በፊት በየብስ መስመራችን ላይ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በአፋር በረሃ የሚወርድ ረጅም መስመር ላይ ማጉያ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና ጠባቂ ይፈልጋል። የክሩ ብክነት በግማሽ ሲቀንስ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሊሰፋ ይችላል፤ የሚቀጠር ዘበኛና የሚቃጠል ናፍጣም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ዛሬ ዋጋው ይህን አይፈቅድም። የማይክሮሶፍት 15,000 ኪሎ ሜትር የፋብሪካዎቹን ምርት ሲያሳድግ ግን ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ ያኔ አዲስ የየብስ መስመር ለማውጣት ጨረታ የሚያዘጋጅ ሰው ከተራው ፋይበር ጎን የዚህንም ዋጋ መጠየቅ ይኖርበታል።